የልማት ማማከር ሥራ ከማን ጋር ልዋዋል? አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ከመደበኛ ቅጥር ወጥቶ በአማካሪነት ለመኖር ያሰበ የልማት ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድሙ ሌሎች አሉ። ገንዘቡን የሚለቀው ማን ነው? ምን ሲያይ ይለቃል? ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ኪሳራው የማን ነው? በቀን 20 ሺህ ብር ተዋውሎ የመጨረሻውን 40 በመቶ ክፍያ ስምንት ወር የሚጠብቅ ሰው፣ በ14 ሺህ ተዋውሎ በወሩ ከሚከፈለው ሰው ይልቅ ይቸገራል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ይህንን መነሻ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ያተኮረውም ኢትዮጵያ ውስጥ በግምገማ፣ በጥናት፣ በሥልጠናና በክትትል ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ነው።

ገበያው አሁን ምን ይመስላል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀን አገደች። በማርች ከአሜሪካ የልማት ዕርዳታ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ፕሮግራሞች 83 በመቶ ያህሉ መሰረዛቸው ተገለጸ፤ ጁላይ 1 ቀን ደግሞ የተረፈው ሥራ ወደ አገሪቱ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ድርጅቱ ተዘጋ። እንግሊዝም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ የነበረውን የዕርዳታ በጀት በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም «ዩኤን 80» በሚለው ማሻሻያ በጀትና የሰው ኃይል እየቀነሰ ነው።

ይህ አዲስ አበባ ላይ የሚታየው በሁለት መልክ ነው። አንደኛ፣ የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሥራ ወጥተው ያንኑ ማስታወቂያ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ዋጋ ወርዷል፣ ዝቅተኛው መመዘኛም ከፍ ብሏል። ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ ፕሮጀክቶች ጋር ተያይዘው ይመጡ የነበሩት የመነሻና የማጠናቀቂያ ጥናቶች ጠፍተዋል። በአንጻሩ በዓለም ባንክና በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የሚሠሩ የመንግሥት ፕሮጀክቶች አሁንም የአካባቢና ማኅበራዊ ጉዳት ጥናት፣ የግዢ፣ የፋይናንስና የክትትል ባለሙያ ይፈልጋሉ። የቀድሞ ሥራዎ የአሜሪካ ፕሮጀክት ብቻ ከነበረ፣ ሲቪዎን እነዚህ ፕሮጀክቶች በሚጠቀሙበት የሙያ ቋንቋ እንደገና መጻፍ የመጀመሪያው ሥራዎ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ከተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር በግል መዋዋል

ማስታወቂያው ግልጽ ነው፣ ቲኦአሩ (የሥራውን ይዘትና መስፈርት የሚገልጸው ሰነድ) ዝርዝር ነው፣ ክፍያውም ሪፖርት ተቀባይነት ሲያገኝ ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ 20፣ 40፣ 40 በመቶ ሆኖ ይከፋፈላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሥራው ሳይሆን በነጥብ አሰጣጡ ነው። የተለመደው ቀመር ለቴክኒክ 70፣ ለዋጋ 30 ነው፤ በቴክኒክ ከ100 ቢያንስ 70 ያላገኘ ሰው የዋጋ ሰነዱ አይታይለትም። የዋጋው ነጥብ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለእርስዎ ዋጋ አካፍሎ በ30 በማባዛት ነው።

በቁጥር እንየው። እርስዎ በቴክኒክ 85 አግኝተው 600,000 ብር ጠየቁ። ተወዳዳሪዎ 78 አግኝቶ 420,000 ጠየቀ። የእርስዎ 59.5 ሲደመር 21፣ በድምሩ 80.5 ነው። የእሱ 54.6 ሲደመር 30፣ በድምሩ 84.6። በሙያ በልጠው በዋጋ ተሸነፉ ማለት ነው። ያንኑ ሥራ በ500,000 ብር አቅርበው ቢሆን ኖሮ የዋጋ ነጥብዎ 25.2 ሆኖ ድምሩ 84.7 ይደርስ ነበር፤ በ0.1 ነጥብ ያሸንፋሉ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ዋጋ ጣሉ የሚል አይደለም። የቴክኒክ ነጥብ ለመጨመር የሚጠፋው አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለትም የሥራ ዕቅዱን ለቲኦአሩ እያንዳንዱ መስፈርት ተራ በተራ መልስ አድርጎ መጻፍ፣ ብዙ ሺህ ብር ይተካል። 85ቱ 90 ቢሆን ኖሮ በ540,000 ብርም ያሸንፉ ነበር።

ሌላው ወጥመድ «ሁሉን ያካተተ ዋጋ» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ከተጻፈ የመስክ ጉዞ፣ ማደሪያ፣ ኢንተርኔትና ኅትመት ከእርስዎ ዋጋ ውስጥ ነው የሚወጣው። ጅግጅጋ ደርሶ የመኪና ኪራይ ከኪሱ የሚከፍለው ይህን መስመር የዘለለ ሰው ነው። ተቋሙ ከግል አማካሪ ላይ ግብር ቀንሶ አያስቀርም፤ ግብሩን የመክፈል ግዴታ ያለው ራሱ አማካሪው ነው። ጡረታና የዓመት ፈቃድም የለም። ካዛንቺስ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዓይነት በድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ያሉ ተቋማት ደግሞ አንድን አማካሪ በ36 ወር ውስጥ ከ24 ወር በላይ አያሠሩም፤ በዚህ መንገድ ብቻ ለመኖር ያሰበ ሰው ይህን ከወዲሁ ያስላ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ዓለም ባንክ፣ ሁለት በር ያለው ቤት

«ለዓለም ባንክ እሠራለሁ» የሚል ሰው ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አይገናኙም።

የመጀመሪያው በር ባንኩ ራሱ የሚቀጥረው የአጭር ጊዜ አማካሪ ነው። ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 በሚቆጠረው የባንኩ በጀት ዓመት ውስጥ ከ150 ቀን በላይ መሥራት አይቻልም። ክፍያው በሠሩት ቀን ልክ ስለሆነ ሪፖርቱ እስኪጸድቅ ተብሎ አይታገድም። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቡድኑን የሚመራው ባለሙያ አስቀድሞ ሥራዎን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ወደዚህ በር የሚያስገባው ማመልከቻ ሳይሆን በስምዎ የታተመ ጥሩ ጥናት ወይም በአንድ ወርክሾፕ ላይ ያቀረቡት ግልጽ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው በር በባንኩ ገንዘብ የሚሠራው የሚኒስቴር ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ነው። እዚህ አሠሪዎ መንግሥት ነው፤ ባንኩ ደንቡን ያወጣል፣ አንዳንዱን ውል ደግሞ «ተቃውሞ የለኝም» ብሎ ያሳልፋል። የግል አማካሪ የሚመረጠው የሥራ ዕቅድ ሳያስገባ በሲቪ ንጽጽር ሲሆን ዋጋ የሚነሳው ከምርጫው በኋላ በድርድር ነው። ከላይ ካየነው የ70/30 ቀመር ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ እዚህ አስቀድሞ ዋጋ መቁረጥ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው በሲቪው ላይ ከማስታወቂያው ጋር የሚመሳሰል ሥራ በዓመት፣ በአሠሪ፣ በሥራ ድርሻና በውጤት ተለይቶ መቀመጡ ነው። «በበርካታ ግምገማዎች ተሳትፌአለሁ» የሚል መስመር ነጥብ አያስገኝም። «በ2014 ዓ.ም. በአራት ወረዳዎች የተሠራ የመጠጥ ውኃ ግምገማ፣ የቡድን መሪ፣ 35 የሥራ ቀን» የሚል ግን ያስገኛል።

የሁለተኛው በር ችግር መዘግየት ነው። የግምገማ ኮሚቴ፣ የሕግ ክፍል፣ አንዳንዴም የባንኩ ይሁንታ ተጠብቆ ከማስታወቂያ እስከ ፊርማ ወራት ይሄዳል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የክፍያ ጥያቄዎ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ወደ አዲሱ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሪፖርት ከግንቦት በፊት ለማስረከብ ዕቅድ ያውጡ። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ ደግሞ የጥቅም ግጭት ደንቡን ከማመልከትዎ በፊት ያንብቡ፤ ከተቋምዎ የፈቃድ ደብዳቤ ሳይዙ አይግቡ።

ሦስተኛው መንገድ፦ በውጭ አማካሪ ድርጅት ቡድን ውስጥ መግባት

ትልልቆቹ ጨረታዎች፣ በተለይ የአውሮፓ ኅብረት ማዕቀፍ ውሎች፣ ለግለሰብ ክፍት አይደሉም። የውጭው ድርጅት ይወዳደራል፤ ለእርስዎ የሚላክልዎት «ሲቪዎን በእኛ ፎርም ሞልተው ይላኩልን» የሚል ኢሜይል ነው። የቀን ክፍያው ከሁሉም መንገዶች የተሻለ ሊሆን ይችላል። አደጋውም ግን እዚሁ ያለው ነው።

የኅብረቱ ጨረታ ቁልፍ ባለሙያውን ለዚያ ተጫራች ብቻ መቅረቡንና በተባለው ጊዜ ለሥራው ዝግጁ መሆኑን በፊርማ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ለአንድ ጨረታ ለሁለት ድርጅቶች የፈረመ ሰው ሁለቱንም ተጫራቾች ሊያስጥል ይችላል። በስልክ «እሺ» ማለት ቀላል ነው፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን የጨረታውን ቁጥር ጠይቀው ይመዝግቡ። አንድን ጨረታ ሦስት ድርጅት በሦስት ስም ሊጠራው ይችላልና።

ሁለተኛው አደጋ ሲቪው ነው። ድርጅቱ በእርስዎ ስም ነጥብ አግኝቶ ካሸነፈ በኋላ «ደንበኛው ሌላ ሰው መረጠ» ብሎ በርካሽ ሰው ሊተካዎት ይችላል። መከላከያው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ ሲቪው ለዚህ ቁጥር ጨረታ ብቻ እንደሚያገለግል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ እንደሚጸና፣ የቀን ዋጋው ይህን ያህል እንደሆነና ድርጅቱ ካሸነፈ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ እንደማይተካ የሚገልጽ። በዓለም ባንክ ጨረታ ሲቪው የሚሞላው ቴክ 6 በሚባለው ፎርም ነው። ድርጅቱ ያልሠሩትን ሥራ ጨምሮበት ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም። ባንኩ ሐሰተኛ መረጃን እንደ ማጭበርበር ያየዋል፤ መነሻ ቅጣቱም የ3 ዓመት ዕገዳ ነው። አምስት የልማት ባንኮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረጉት ስምምነት አንዱ ያገደውን ሌሎቹም ያግዳሉ፤ የአፍሪካ ልማት ባንክም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ወደ ጨረታው የገባውን የመጨረሻ ቅጂ ሁልጊዜ ጠይቀው ያስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ «ደንበኛው ሲከፍለን እንከፍላለን» የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ። ካለ፣ የድርጅቱን የገንዘብ ችግር እርስዎ እየተሸከሙ ነው። ቢያንስ «ደንበኛው ቢከፍልም ባይከፍልም ሥራው በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ» የሚል ገደብ ይጠይቁ።

አራተኛው መንገድ፦ ከመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጋር

ፈጣን ነው፣ ሰዎቹ ቅርብ ናቸው፣ ጀማሪም የሚያገኘው ይኸኛውን ነው። ችግሩ ቲኦአሩ ላይ ያለው የቀን ቁጥር ነው። በጀቱ የተሠራው ፕሮጀክቱ ሲጻፍ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ገበያዋን ለቃ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ የተነሳው በጁላይ 2024 ነው፤ ከዚያ በፊት በብር የተተመነ በጀት ዛሬ የሚገዛው ነገር ሌላ ነው።

በሦስት ወረዳዎች 400 አባወራ የሚጠየቅበት የማጠናቀቂያ ግምገማ «30 ቀን» ተብሎ ወጣ እንበል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 5 መጠይቅ ይሞላል። ስምንት ሰብሳቢዎች ካሉ በቀን 40 ነው፤ 400ው በ10 ቀን ያልቃል። ገበያ ቀን ወጥቶ ወይም ለቅሶ ሄዶ የታጣ አባወራ ስለሚኖር 2 ቀን ይጨመር፤ 12 ይሆናል። ለመነሻ ሪፖርት 5፣ መጠይቁን ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ ለመጫን፣ ለሥልጠናና ለሙከራ 5፣ ለጉዞ 4፣ መረጃ ለማጽዳትና ለመተንተን 8፣ ለረቂቅ 7፣ ለማረጋገጫ ስብሰባ 1፣ ለመጨረሻ ሪፖርት 4። ድምሩ 46 ነው። 30ውን ተቀብሎ የገባ ሰው 16 ቀን በነጻ ይሠራል።

ናሙናውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። 384 የሚለው ቁጥር በብዙ ቲኦአሮች ላይ ይደጋገማል፤ የመጣው ከ95 በመቶ እርግጠኝነትና ከ5 በመቶ ስሕተት ነው። ይህ ግን የሚሠራው ሰው በሰው በዕጣ ሲመረጥ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ አባወራ ከተመረጠ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ማደግ አለበት፤ በ1.5 ቢባዛ 576 ይሆናል። ያንን 576 በእነዚያው ስምንት ሰዎች ለመጨረስ ከ14 ቀን በላይ ይፈጃል። ይህን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ያንሱ፤ ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ የለጋሽ ባለሙያ አይጠፋም።

የድጋፍ ደብዳቤ የማን ኃላፊነት እንደሆነም ይጠይቁ። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ የሚወርደው ወረቀት ካልተያዘ ሰብሳቢዎቹ ወረዳ ከተማ ላይ ሆቴል ይዘው ይቀመጣሉ፤ አበሉም ይቆጠራል። ጥናቱ ጤናን ወይም ሕፃናትን የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ያንን የሚጠይቀው ድርጅቱ ካልሆነ የሥራ መጀመሪያው ቀን ፈቃዱ ከተገኘበት ዕለት እንዲቆጠር ይደረግ።

አምስተኛው መንገድ፦ የራስ ድርጅት

ፈቃድ አውጥቶ ደረሰኝ ቆርጦ መሥራት ትልቁን ጨረታ ይከፍታል፤ ወጪውም ትልቅ ነው። ጨረታዎች የታደሰ የማማከር ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ኦዲት የተደረገ ሒሳብና ተመሳሳይ ሥራ መሥራትን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦም ያስፈልገዋል። አዲስ ድርጅት ኦዲት የተደረገውን ሒሳብና የተመሳሳይ ሥራ ደብዳቤውን በአንድ ዓመት አያሟላም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ከነባር ድርጅት ጋር በጥምረት መግባት ይሻላል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ሳይቀበሉ ፋይሉን አይዝጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ሥራ ለቆ ይሆናል። የዋጋ ሰነድ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶ ወይም ሳይካተት እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ ተካቷል ብሎ የሚያነብ ገዢ አለ።

ከውጭ ለሚመለሱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር፦ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ያለው ሰው የሥራ ፈቃድ ሳያስፈልገው መቀጠር ይችላል። ማስታወቂያው «ብሔራዊ አማካሪ» ሲል ግን ዜግነት ይሁን ነዋሪነት ማለቱ እንደሆነ ከማመልከትዎ በፊት በጽሑፍ ያስረዱዎት። የብሔራዊና የዓለም አቀፍ አማካሪ ክፍያ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ጥያቄው የማያስከፋ፣ መልሱም መዝገብ ውስጥ የሚቀር ነው።

የቀን ዋጋዎን እንዴት ያወጣሉ

ለምሳሌ ያህል፣ በዓመት ለኑሮና ለቁጠባ የሚያስፈልግዎ 1,050,000 ብር ይሁን። ሲሶው ለግብር ይሄዳል ብለው ቢያስቡ ከወጪ በኋላ 1,575,000 ማግኘት አለብዎት። ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለላፕቶፕ 150,000 ሲጨመር 1,725,000 ይሆናል። በዓመት የሚከፈልበት 100 ቀን ብቻ ካገኙ የቀን ዋጋዎ 17,250 ነው፤ 150 ቀን ካገኙ 11,500። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በ220 የሥራ ቀን ሲያካፍል ነው። ማመልከቻ መጻፍ፣ መጠበቅ፣ ክፍያ መከታተል ሁሉ ቀን ይበላል፤ ማንም አይከፍልበትም።

አሁን ወደ 30 ቀኑ ግምገማ እንመለስ። በ17,250 ተዋውለው 517,500 ብር ያገኛሉ። በ46 ቀን ሲካፈል 11,250 ነው። አንድ የተባበሩት መንግሥታት ተቋም ቀኑን በትክክል ቆጥሮ በ14,000 ቢያቀርብልዎ የሚሻለው እሱ ነው።

ሁለት የሥራ ጥሪ በአንድ ሳምንት ከመጣ

ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ዘርግተው አራት ነገር ይፈልጉ። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ገደብ አለው? «በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አስተያየት ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ያለበት ውል ክፍያው በ10 በመቶ ቢያንስም ይመረጣል። ለጋሹ ገንዘቡን ቢያቆም እስከዚያ የተሠራው ይከፈላል? በ2025 መጀመሪያ ብዙ ሰው ያለ ክፍያ የቀረው ይህ መስመር ስላልነበረ ነው። ዋጋው በዶላር ተቆርጦ በብር የሚከፈል ከሆነ ምንዛሪው የየትኛው ቀን ነው፣ የፊርማው ወይስ የክፍያው? የመጨረሻው ክፍያስ ስንት በመቶ ነው? ከ30 በላይ ከሆነ ለመረጃ መሰብሰቢያው ማብቂያ አንድ ክፍያ እንዲጨመር ይጠይቁ። የሰብሳቢዎች አበልና የመኪና ኪራይ የሚወጣው ያኔ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሪፖርቱ እስኪጸድቅ አይጠብቁም።

ጥያቄዎቹን ከፊርማ በፊት በኢሜይል ይላኩ፣ መልሱንም ከውሉ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። ከአራቱ አንዱን እንኳ ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆነ አሠሪ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ቢያቀርብም፣ ሁለተኛው ምርጫዎ ይሁን።